የጋሼ ላቀው ጆሮ

የጋሼ ላቀውን ሞት የነገረኝ ቺንጋ ሊገዛ የመጣ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከራቤል ነበር የመጣው። የተበጠሰውን የሞተር ቺንጋ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ እኔ ቁጥሩን ሳነብ፣ «እኚያ መካኒክ የነበሩት ሽማግሌ እኮ አረፉ፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው» አለኝ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ እንደሚያወራ ሰው። መርዶ ለመንገር ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው መጀመሪያ እህል ይቅመስ ተብሎ በሚመከርበት አገር ለእኔ የደረሰኝ እንዲህ ነው። አልፈርድበትም፤ ምናቸው እንደሆንኩ በምን ያውቃል? ዘመዳቸው አይደለሁም። መሐል ሜዳ ላይ ከጋራዣቸው ጋር በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ የተያያዘች የመለዋወጫ ሱቅ ያለችኝ ሴት ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ቆርቆሮ ተደግፌ እሳቸው የሚሰሙትን ስሰማ ኖሬአለሁ። ለሾፌሩ ቺንጋውን ሰጥቼ ሸኘሁትና በሩን ከውስጥ ዘግቼ አለቀስኩ።

ጋሼ ላቀው የጋራዥ ሰው አይመስሉም ነበር። ጠዋት በነጠላ ይመጣሉ፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው የሚሰቅሉባት አንዲት ሚስማር ነበረች፤ በዚያች ሚስማር ላይ ሌላ ሰው ቆብ እንኳ አይሰቅልም። ልጅነታቸውን ግሼ ውስጥ ዜማ ቤት አሳልፈዋል። ዲቁና ከተቀበሉ በኋላ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ትምህርቱን በመሃል ትተው ደብረ ብርሃን ጋራዥ ገቡ። የከተማው ሰው ሊያበሽቃቸው ሲፈልግ «መሪጌታ» ይላቸዋል። እሳቸውም ከልባቸው ይቆጡ ነበር፤ «ያልጨረስኩትን ማዕረግ አትስጡኝ!» ይላሉ። ያልደረሱበትን ነገር ማንም እንዲያሸክማቸው የማይፈልጉ ሰው ነበሩ።

መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ሰውን ዝም ማሰኘት ነው። ሬዲዮ ይዘጋል፣ መዶሻ ይቆማል፣ እኔም ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቄን አቆማለሁ። «ዝም በሉና ይናገር» ይላሉ። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሱና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ሥር ካለው አጥንት ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሲጨርሱ የበሽታውን ስም ይናገራሉ። ተሳስተው አላውቅም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሳቸው ናቸው ለሰው የነገሩት።

ባለመኪናውንም ዝም ብለው አይለቁትም። መንገድ ላይ የሰማውን ድምፅ በአፉ አውጥቶ ማሳየት አለበት። አንድ ቦርጫም የእህል ነጋዴ ትዝ ይለኛል፤ ሠራተኞቹ ሁሉ የሚፈሩት ሰው። ጋሼ ላቀው ፊት ለፊቱ ቆመው፣ «እስቲ እንደ እሱ ጩህ» አሉት።

ሰውዬው ዙሪያውን አይቶ አፍሮ፣ «ቅርርርር…» አለ።

«እንዲህ ካለማ እዚህም አይደርስም ነበር። ድገም።»

«ቅርር… ጭቅ። ቅርር… ጭቅ።»

«እሰይ! ጭቋ ከየት ነው የምትመጣው፣ ከመጀመሪያው ነው ከመጨረሻው?»

እኔ በግድግዳው ወዲህ በሳቅ አልቄ ነበር። እሳቸው ግን አይስቁም። ዜማ ቤት እንደተማሩት ነበር የሚያስተምሩት፤ የሳተ ይደግማል፣ ደግሞ የሳተ ደግሞ ይደግማል። እኔንም ያስተማሩኝ እንደዚያው ነው። ሥራ ላይ ሆነው፣ «የሺ! አሁን የሰማሽው ምንድን ነው?» ብለው በቆርቆሮው ይጠይቁኛል። «የውሃ ፓምፕ» እላለሁ። «አይደለም። ጆሮሽን ከሽያጭሽ ላይ አንሺና ስሚ።» በዓመታት ውስጥ እኔም ሰሚ ሆንኩ።

ከሁሉም በላይ እንድለየው የፈለጉት አንድ ድምፅ ነበር። እሳቸው «ቆሎ» ይሉታል። ቤንዚኑ ሲያንስ ወይም እሳቱ ቀድሞ ሲነሳ ሞተሩ ውስጥ ያለጊዜው የሚፈነዳው ነገር ነው፤ የጋለ ብረት ምጣድ ላይ የመጀመሪያዎቹ የገብስ ፍሬዎች ጠጥ ጠጥ እንደሚሉት ያለ ቀጭን ድምፅ። «ሞተር የሚገድለው የሚጮኸው አይደለም፤ ይቺ ቀጭኗ ናት» ይሉኝ ነበር። በዚህ ምክንያት ከባድ ሥራ የሠሩለትን መኪና ሮቢት ድረስ ሳያወርዱ ለባለቤቱ አያስረክቡም። መንዝ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ብርድም ነው፤ እዚህ ጨዋ የሆነ ሞተር ጣርማ በርን አልፎ ቆላ ሲወርድ፣ ወፍራሙንና ሙቁን አየር ሲጠጣ ነው ጠባዩ የሚታወቀው። ሮቢት ዳር ጥላ ሥር ያቆሙትና ኮፈኑን ከፍተው ይሰሙታል። ቆሎ ካለው እሳቱን በጥቂቱ ያዘገያሉ፤ ከሌለው፣ «አለቀ፤ ከዚህ በኋላ ማንም እንዳይነካው» ይላሉ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፍልሰታ ነው። በመጀመሪያ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ሲጠራ ዝም አሉት። ቀጥሎ ሴት ልጄ ሰላም ስትላቸው ሳይመልሱላት አለፉ፤ የወንዶቹን ወፍራም ድምፅ ግን ይሰማሉ። እኔን «ምን ሆነሽ ነው የምታጉረመርሚው?» ይሉኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ባለቤቴ እንደሚለው ገበያው መሃል ሆኜ ስናገር ድምፄ ሩቅ ቀየት ድረስ የሚሰማ ሴት ነኝ። ከዚያ አንድ ሚኒባስ ከእጃቸው ወጣ፤ ዳገቷን ሲጀምር ቆሎው ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው በደስታ እየሸኙት ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ደሳለኝ የሚባል ሠራተኛ ነበራቸው፤ አሥር ዓመት አብሯቸው የሠራ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ዝምተኛ። ወጥቶ ወደ ሱቄ መጣና ምንም ሳይል ባንኮኒውን ተደገፈ። እኔም ምንም አላልኩም። ያን ቀን ነው ዝም ለማለት የተስማማነው፣ አንድ ቃል ሳንነጋገር።

ከዚያ በኋላ ደሳለኝ አንድ ዘዴ አበጀ። ጋሼ ላቀው በጾም ቀን ቅዳሴ አያመልጣቸውም፤ እኩለ ቀን ላይ ነጠላቸውን ከሚስማሩ አንሥተው ይሄዱና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። በዚያች ሦስት ሰዓት ውስጥ ደሳለኝ እሳቸው ያስተካከሉትን ሁሉ እንደገና ያስተካክላል። እኔ በር ላይ ቆሜ መንገዱን እጠብቃለሁ። በነቢያት ጾም ሥራችን ተቃና፤ በሁዳዴ አንድም መኪና አልተመለሰም። በፍስክ ወራት ደግሞ ረቡዕና ዓርብን እንጠብቃለን፤ ከባድ የሆነውን መኪና ደሳለኝ ሰበብ እየፈለገ እስከዚያ ያቆየዋል። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ቆመው ስለ ሥራቸው መቃናት ሲያመሰግኑ እኛ እዚህ እናታልላቸው ነበር። ያኔ ግን ማታለል አልመሰለኝም፣ ማክበር ነበር የመሰለኝ።

ለምን አልነገርኳቸውም? እኔ ቀበሌውን፣ ነጋዴውን፣ አማቴን ሳይቀር ፊት ለፊት የምናገር ሴት ነኝ። እሳቸው ፊት ስደርስ ግን አፌ ይተሳሰርብኛል። ማን ነኝ ብዬ? ጆሮዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። «የሰጡኝ ነገር ከእርስዎ ጠፍቷል» ብሎ ለመናገር የሚሆን ድፍረት የት እንደሚሸጥ አላውቅም።

ሲሳይ መኪናውን ያመጣው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ሲሳይ የመሐል ሜዳ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሕንፃ ይሠራል። አባቱ ትተውለት የሞቱት አንድ የድሮ የአሜሪካ መኪና ነበር፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ቀይ፣ አፍንጫው የማያልቅ ረጅም። በዚያ ላይ ከዱባይ ሱፐርቻርጀር አስመጥቶ አስገጥሞለታል፤ አየር ጨምቆ ሞተሩ ውስጥ የሚከት፣ በቺንጋ የሚዞር ትልቅ የአሉሚኒየም ሳጥን። የገጠሙት ሰዎች ገጠሙት እንጂ ሊያስማሙት አልቻሉም። ከጭነት መኪና ላይ ወርዶ ሲነሣ ያስነጥሳል፣ ጭስ ይተፋል፣ ይጠፋል። ሲሳይ ግንቦት ላይ እህቱን ይድራል፤ ሙሽሪትን በአባቷ መኪና ሊወስዳት ተስሏል።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር ማን ይሰማዋል?» አላቸው።

ጋሼ ላቀውን እንደዚያ ሳቅ ብለው አይቻቸው አላውቅም። መኪናውን ዞሩት፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ እጃቸውን ሱፐርቻርጀሩ ላይ አሳረፉ። «እዚህ አገር ሞተር ሁሉ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይሄ ግን የራሱን ትንፋሽ ይዞ ነው የመጣ» አሉ። ዘጠኝ ቀን ሠሩበት። ካርቡራተሩን በትልቅ ቀየሩ፣ የነዳጅ ፓምፑን ቀየሩ፣ እሳት የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ከአዲስ አበባ እኔ አስመጣሁላቸው፣ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ አስፍተው አስበየዱት። እጃቸው ያው የድሮው እጅ ነበር፤ አንዲት ብሎን አላጠፉም። በስምንተኛው ቀን ሞተሩ ተነሥቶ ሳይቆራረጥ መሥራት ጀመረ። ግቢው ተንቀጠቀጠ። ሱፐርቻርጀሩ ሲዞር የሚያወጣው ፉጨት ቆርቆሮውን አልፎ ጥርሴን በላኝ፤ ደሳለኝ ጆሮውን ያዘ። ጋሼ ላቀው ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «አየሽ የሺ፣ ጥሩ ዕቃ እንዲህ ነው። ድምፅ እንኳ የለውም» አሉኝ።

እዚያች ላይ መናገር ነበረብኝ። ሁሉንም ነገር እያየሁ፣ ሁሉንም ነገር እየሰማሁ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ታይሚንጉን፣ እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ፣ አስተካክለው ጨረሱ። ነዳጁን ጫን ሲሉት ቆሎው መጣ፤ ስስ ነው ግን አለ። ደሳለኝ ወደ ሱቄ ገባ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ የሺ፣ አንቺ ንገሪያቸው። አንቺን ይሰሙሻል።»

«ረቡዕ ድረስ አቆየው። ቅዳሴ ሲሄዱ…»

«በዓለ ሃምሳ ነው እኮ!»

ለካ ረስቼዋለሁ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም፣ ጾም የሚባል ነገር የለም። ጋሼ ላቀው ቅዳሴውን በጠዋት አስቀድሰው ቀኑን ሙሉ ከመኪናው ጋር ናቸው። አንድ ሰዓት እንኳ ብቻውን አይተዉትም። እኛ ደግሞ ከእሳቸው መጾም በቀር ሌላ መላ አልነበረንም።

ተነሥቼ ሄድኩ። በእርግጥ ሄድኩ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር። «ጋሼ ላቀው» አልኩ።

«ምነው? ምን ሆነሻል?»

ቀና ብለው አዩኝ። እንዲህ በደስታ ያበራ የሽማግሌ ፊት አይቼ አላውቅም።

«ምሳ በልተዋል ወይ ልልዎት ነው» አልኩ።

ሮቢት ለመውረድ አራታችንም በቀዩ መኪና ሄድን፤ ሲሳይ ይነዳል፣ ጋሼ ላቀው ከጎኑ፣ እኔና ደሳለኝ ከኋላ። እኔ ዕቃ ላመጣ ነው ብዬ ነው የተከተልኩት፤ እውነቱን ለመናገር፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ተፈጥሮ ያለ እኔ አፍ ይነገራቸዋል ብዬ ነበር። ቁልቁለቱን መኪናው እንደ ውሃ ወረደ። ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ጥላ ሥር ቆመው ኮፈኑን ከፈቱ፣ ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ሥር አስደገፉ። «ስጠው» አሉት ሲሳይን። ሲሳይ ነዳጅ ሰጠ። ቆሎው አሁን ስስ አልነበረም፤ በሙሉ ምጣድ ይቆላ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የቆመ አንድ ሾፌር ዘወር ብሎ አየን።

ደሳለኝ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ እሳቱን ትንሽ ብናዘገየውስ?»

ጋሼ ላቀው ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ሰምተህ?»

እንዲህ ግልጽ አድርገው ጠየቁት። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱለት፤ ለእኔም ጭምር። ደሳለኝ መሬት መሬት አየና፣ «አይ፣ እንዲያው ነው» አለ። እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

«አለቀ» አሉ ጋሼ ላቀው፤ ኮፈኑን ዘጉት።

የመልስ ጉዞ ዳገት ነው። ሲሳይ መኪናው እንዴት እንደሚጎትት ሊያሳየን ረገጠው። እሳቸው እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል፤ በእጃቸው የሚሰማቸው መንቀጥቀጥ ጤነኛ መስሏቸዋል። ደሳለኝ ክንዴን ጨምቆ ይዞኛል። አርማንያን እንዳለፍን አንድ ነገር ፈነዳ፤ ሰማያዊ ጭስ ከኋላችን መንገዱን ሞላው፣ መኪናው እየተጎተተ ዳር ያዘ። ፒስተኑ ተበስቶ ነበር።

ጋሼ ላቀው ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ብዙ አላዩትም። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ተመለከቱት፤ ጫፉ ቀልጦ ነበር። እንዲህ የሚቀልጠው ምን ሲሆን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«ሲቆላ ነው የመጣው» አሉ። «ደሳለኝ፣ ሰምተሃል?»

ደሳለኝ ማልቀስ ጀመረ።

«አንቺስ የሺ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍልሰታ።»

ጮክ ብዬ ነበር የተናገርኩት፤ ሆኖም ከንፈሬን ሲያዩ ነበር የሰሙኝ። ወራቱን በልባቸው ቆጠሩ መሰለኝ። «የዚያን ጊዜ መኪኖችስ?» አሉ። ደሳለኝ እየተንሰቀሰቀ፣ ቅዳሴ ሲሄዱ ያስተካክላቸው እንደነበር ነገራቸው። ሲሳይ ጨዋ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ብረት እኮ ነው፣ ይሠራል፤ እህቴ በሌላ መኪና ትሄዳለች» እያለ ለመናቸው። ከቁጣ የባሰው ይህ ልመናው ነበር።

እሳቸው አልተቆጡም። ካንዴላውን ኪሳቸው ከተቱና እንዲህ አሉን፦ «ዜማ ቤት ስስት መምህሬ ከተማሪ ሁሉ ፊት ያስቆሙኝ ነበር። ‹ስተሃል፣ ድገም› ይሉኛል። ሰው አድርገው ስለቆጠሩኝ ነው። እናንተ ያንን ያህል እንኳ አላከበራችሁኝም።»

በሳምንቱ ጋራዡን ለደሳለኝ ትተው ወደ ራቤል፣ ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ።

ለመጠየቅ እግሬን ያነሣሁት ከዓመት በኋላ ነው። እንዲያስወጡኝ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ግንባሬን ሳሙኝ። የአጥቢያቸው ንግሥ ቀን ነበር። አንድ የቀረቻቸው ነገር አለች፤ ወደ ዜማው ተመልሰዋል። መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ከካህናቱ ጋር ይቆማሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ክንዴን ያዙና፣ «የሺ፣ ካህናቱ ምንም አይሉኝም። ታቦቱ ሲወጣ ወረቡን ስሚልኝ። ከሳትኩ ንገሪኝ» አሉኝ።

ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሰማሁ። ከመሃሉ ጀምሮ ድምፃቸው ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ላይ ወጣ። ሌሎቹ በአንድ በኩል ቀሩ፣ እሳቸው ብቻቸውን በሌላ በኩል። ዓይናቸውን ጨፍነው በደስታ ያሸበሽቡ ነበር።

ሕዝቡ ሲበተን መጡ። በዚህ ጊዜ ግን አላፈገፈግኩም። ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ ከንፈሬን እንዲያዩ አድርጌ፣ «ስተዋል፣ ጋሼ። ከመሃሉ ጀምሮ ከፍ ብለው ብቻዎን ነበሩ» አልኳቸው።

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አከበርሽኝ» አሉ። ወደ መሐል ሜዳ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከዓመት በላይ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ሾፌሩ በነገረኝ ማግስት ለቅሶ ደረስኩ። እህታቸው ከአንድ ሽማግሌ ቄስ ጎን አስቀመጡኝ፤ በልጅነታቸው አብረዋቸው የተማሩ አባት ናቸው። ብዙ አጫወቱኝ። ጋሼ ላቀው ካለፈው ዓመት ንግሥ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አፋቸውን ለዜማ አልከፈቱም፤ መቋሚያቸውን ለደብሩ ሰጥተው ከምእመናኑ ጋር ውጭ ይቆሙ ጀመር። ከዚያ ምግብ ተዉ፣ ከዚያ ከቤት መውጣት ተዉ።

«ይስቱ ነበር ወይ፣ አባ?» አልኩ።

«ሁልጊዜ ይስቱ ነበራ» አሉ ቄሱ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? እሳቸው ከፍ ሲሉ እኛም ቀስ ብለን ከፍ እንላለን፤ እሳቸው ዝቅ ሲሉ እኛም ዝቅ። ሁላችንም አብረን ነበር የምንስት። ያን ቀን ብቻ ከሌላ ደብር የመጡ እንግዶች በዙብንና በዜማቸው ይዘውን ሄዱ፣ እሳቸው ብቻቸውን ቀሩ። እሱንም ያየ አልነበረም። አንድ ሰው ነው የነገራቸው። ብንለምናቸው፣ ብንገዝታቸው ማን እንደሆነ አልናገር አሉን።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አንቺ መሐል ሜዳ አብረሻቸው ኖረሻል። ማን ሊሆን ይችላል?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።